ለሮክ ሙዚቃ ቀረጻ የማይክሮፎን ፕሪአምፕ አመራረጥ፦ ከኖይዝ፣ ከጣሪያና ከቀለም አንጻር

አጠቃሎ

የማይክሮፎን ፕሪአምፕ ከማይክሮፎን የሚወጣውን እጅግ ደካማ የኤሌክትሪክ ሲግናል ለመቅጃ መሣሪያ ወደሚበቃ ደረጃ የሚያጎላ ቅድመ ማጉያ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለሮክ ሙዚቃ ቀረጻ ፕሪአምፕ ሲመረጥ የትኞቹ መስፈርቶች ቅድሚያ ሊሰጣቸው እንደሚገባ መመርመር ነው። ምርመራው የሚመሠረተው በታወቁ የማይክሮፎን መለኪያዎች ላይ በተሠራ ስሌትና ከሮክ ቀረጻ ታሪክ በተወሰዱ ሁለት ማሳያዎች ላይ ነው። ስሌቱ እንደሚያሳየው በሻጮች ማስታወቂያ ጎልቶ የሚቀርበው የኖይዝ ዝቅተኛነት ለአብዛኛው የሮክ ድምፅ ወሳኝ አይደለም። ወሳኞቹ መሣሪያው ከፍተኛ ሲግናልን ሳያዛባ የመቀበል አቅሙ፣ የመስመሮቹ ብዛት፣ እንዲሁም ሆን ተብሎ የሚፈለግ መዛባትን ለመቆጣጠር የሚያስችል የመውጫ መቆጣጠሪያ ናቸው።

1. መግቢያ

አነስተኛ ስቱዲዮ የሚያቋቁም ሰው ገንዘቡ ውስን ነው። አንድ መስመር ብቻ ያለው ስመ ጥር ፕሪአምፕ ስምንት መስመር ካለው መካከለኛ ሳውንድ ካርድ የበለጠ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። የመጀመሪያውን የገዛ ሰው ድራምን በአንድ ማይክሮፎን ብቻ ለመቅዳት ይገደዳል፤ ሁለተኛውን የገዛ ሰው ደግሞ «ድምፁ ቀለም የለውም» ሲባል ይሰማል። ስለዚህ ጥያቄው የጣዕም ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ውስን ሀብት በየትኛው የቀረጻ ሰንሰለት ክፍል ላይ ቢውል የተሻለ ውጤት ያስገኛል የሚል የውሳኔ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ለእኛም ሩቅ አይደለም። ጃኖ ባንድ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ» የተሰኘውን አልበም ካወጣ ወዲህ ሮክ በአማርኛ የሚዘፈንበት ሙዚቃ መሆኑ ግልጽ ሆኗል። ነገር ግን የተዛባ ጊታርን፣ በኃይል የሚመታ ድራምንና የሚጮህ ድምፃዊን መቅዳት ክራርን ወይም የንባብ ድምፅን ከመቅዳት የተለየ የቴክኒክ ፍላጎት አለው። አንድን መሣሪያ ለአንዱ ተስማሚ የሚያደርገው ባሕርይ ለሌላው ትርጉም ላይኖረው ይችላል።

2. የምርመራው ዘዴ

ለስሌቱ መነሻ የሆነው በሮክ ቀረጻ ከማንኛውም ማይክሮፎን ይልቅ በብዛት ከሚታዩት አንዱ የሆነው ሹር ኤስኤም57 ነው። ይህ ዳይናሚክ ማይክሮፎን በአንድ ፓስካል የድምፅ ግፊት፣ ማለትም በ94 ዴሲቤል፣ ወደ 1.6 ሚሊቮልት ያወጣል። የኤሌክትሪክ ደረጃዎች በዲቢዩ ተገልጸዋል፤ 0 ዲቢዩ 0.775 ቮልት ነው። በዚህ ሚዛን 1.6 ሚሊቮልት -53.7 ዲቢዩ ይሆናል። የሙያ ስቱዲዮዎች የመስመር ደረጃ +4 ዲቢዩ ነው።

ከዚህ መነሻ ሦስት ሁኔታዎች ተሰልተዋል። የመጀመሪያው በ74 ዴሲቤል የሚመጣ ለስለስ ያለ ዝማሬ ነው፤ ማይክሮፎኑ 0.16 ሚሊቮልት፣ ማለትም -73.7 ዲቢዩ ያወጣል። ሁለተኛው ከጊታር አምፕሊፋየር ስፒከር ፊት በ114 ዴሲቤል የሚመጣ ድምፅ ነው፤ ውጤቱ 16 ሚሊቮልት፣ ማለትም -33.7 ዲቢዩ ነው። ሦስተኛው ከስኔር ከበሮ ጠርዝ ላይ ለቅጽበት 140 ዴሲቤል የሚደርስ ምት ነው፤ ይህ 320 ሚሊቮልት፣ ማለትም -7.7 ዲቢዩ ይሆናል። በመጀመሪያውና በሦስተኛው መካከል 66 ዴሲቤል ልዩነት አለ። ሦስቱም በአንድ አልበም፣ አንዳንዴም በአንድ ዘፈን ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ።

3. ኖይዝ፦ ብዙ የሚነገርለት፣ ጥቂት የሚወስነው

ማንኛውም ተቃዋሚ አካል በሙቀቱ ምክንያት ብቻ የራሱን ኖይዝ ያመነጫል። 150 ኦም በሆነ ምንጭ፣ በክፍል ሙቀትና በ20 ኪሎኸርዝ ስፋት ሲሰላ ይህ ኖይዝ ወደ 0.22 ማይክሮቮልት፣ ማለትም ወደ -131 ዲቢዩ ይጠጋል። ይህ የተፈጥሮ ወለል ነው፤ የትኛውም አምራች ከዚህ በታች ሊወርድ አይችልም። ወደ መግቢያው ተመልሶ ሲለካ -128 ዲቢዩ ኖይዝ ያለው ፕሪአምፕ ከዚህ ወለል የሚርቀው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ይህን ደረጃ ዛሬ ዋጋቸው ዝቅተኛ የሆኑ ሳውንድ ካርዶችም ይደርሱበታል።

ይህን ቁጥር ከላይ ከተጠቀሱት ሁኔታዎች ጋር እናነጻጽረው። በለስላሳው ዝማሬ በሲግናልና በኖይዝ መካከል ያለው ርቀት 54 ዴሲቤል ገደማ ነው። ይህ ጠባብ ነው፤ ለዚህ ዓይነት ቀረጻ ጸጥተኛ ፕሪአምፕ ወይም የበለጠ ሲግናል የሚያወጣ ኮንደንሰር ማይክሮፎን መፈለግ ተገቢ ነው። በጊታር አምፕሊፋየሩ ግን ርቀቱ 94 ዴሲቤል ይሆናል። የፕሪአምፑ ኖይዝ በ8 ዴሲቤል ቢከፋና -120 ዲቢዩ ቢሆን እንኳ 86 ዴሲቤል ይቀራል።

ከዚህም በላይ የክፍሉን ጸጥታ ማስላት ያስፈልጋል። -128 ዲቢዩ ኖይዝ በኤስኤም57 ስሜታዊነት ወደ ድምፅ ግፊት ሲመለስ ከ20 ዴሲቤል ገደማ ድምፅ ጋር ይስተካከላል። መኖሪያ ቤት ውስጥ የተቋቋመ ስቱዲዮ በመንገድ ድምፅ፣ በማቀዝቀዣና በኮምፒውተር ማራገቢያ ምክንያት 35 ዴሲቤል የጀርባ ድምፅ ቢኖረው፣ የመለኪያ ሚዛኖች ልዩነት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የክፍሉ ድምፅ የፕሪአምፑን ኖይዝ በ15 ዴሲቤል ያህል ይበልጣል። በዚህ ሁኔታ በመስኮቱ ላይ የሚንጠለጠል ወፍራም መጋረጃና የሚዘጋ ማራገቢያ የሚያስገኙት ጸጥታ አዲስ ፕሪአምፕ ከሚያስገኘው ይበልጣል። ማይክሮፎኑን ወደ ድምፃዊው በግማሽ ርቀት ማስጠጋትም እስከ 6 ዴሲቤል ሲግናል ይጨምራል፤ ይህም በአንድ ርካሽና በአንድ ውድ ፕሪአምፕ መካከል በተለምዶ ከሚታየው የኖይዝ ልዩነት የሚያንስ አይደለም።

ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉ። አንደኛ፣ አሥራ ስድስት መስመሮች በእኩል መጠን ሲደመሩ ኖይዛቸው በ12 ዴሲቤል ያድጋል። ሁለተኛ፣ በሮክ የተለመደው ኃይለኛ ኮምፕረሽን ጸጥ ያሉ ክፍሎችን ወደ ላይ ያነሣል። ሆኖም ኮምፕረሰሩ ከፕሪአምፑ ኖይዝ ጋር የክፍሉንም ድምፅ አብሮ ስለሚያነሣ በመካከላቸው ያለው ቅደም ተከተል አይለወጥም።

4. ጣሪያው፦ የሮክ እውነተኛ ፈተና

ከወለሉ ይልቅ ጣሪያው የሮክን ቀረጻ ይፈትናል። የስኔሩ ምት ከማይክሮፎኑ ሲወጣ -7.7 ዲቢዩ ነው ብለናል። የፕሪአምፑ ከፍተኛ መውጫ +20 ዲቢዩ ከሆነ ሳይቆረጥ ሊሰጥ የሚችለው ጌይን ከ28 ዴሲቤል ያነሰ ነው። ዝቅተኛው ጌይን 30 ወይም 35 ዴሲቤል የሆነ መሣሪያ ይህን ምት ያለ ማዳከሚያ ሊቀበለው አይችልም። በሳውንድ ካርድ ላይ ደግሞ የዲጂታል መለወጫው ጣሪያ ከአናሎጉ ቀድሞ ሊደርስ ስለሚችል፣ «ከፍተኛ የማይክሮፎን መግቢያ» ተብሎ በመመሪያው የሚሰፈረው ቁጥር ከኖይዙ ቁጥር በፊት መነበብ አለበት።

ኮንደንሰር ማይክሮፎን ሲሆን ችግሩ ይብሳል። በአንድ ፓስካል 20 ሚሊቮልት የሚያወጣ ኮንደንሰር በ134 ዴሲቤል፣ ማለትም በ100 ፓስካል፣ 2 ቮልት ወይም ከ+8 ዲቢዩ በላይ ያወጣል። ይህ ከመስመር ደረጃ በላይ ነው፤ ማጉላት ሳይሆን ማዳከም የሚያስፈልገው ሲግናል ነው። ስለዚህ የ20 ዴሲቤል ማዳከሚያ፣ በባለሙያዎች አጠራር ፓድ፣ በሮክ ቀረጻ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። እዚህ ላይ የመቆረጡን ቦታ መለየት ያስፈልጋል። ማይክሮፎኑ ራሱ ውስጣዊ ዑደቱ ላይ ከተቆረጠ የፕሪአምፑ ፓድ አያድነውም፤ በማይክሮፎኑ ላይ ያለው ፓድ መከፈት አለበት።

ለመስመር ደረጃ የሚያስፈልገውን ጌይን ስንመለከትም ተመሳሳይ መደምደሚያ ላይ እንደርሳለን። የጊታሩ ሲግናል +4 ዲቢዩ ለመድረስ የሚፈልገው 38 ዴሲቤል ገደማ ብቻ ነው። ለስላሳው ዝማሬ ግን 78 ዴሲቤል ይፈልጋል። እንደ ሹር ኤስኤም7ቢ ባለ ዝቅተኛ ሲግናል በሚያወጣ ዳይናሚክ ማይክሮፎን ወይም በፓሲቭ ሪበን ማይክሮፎን ዝግ ያለ ድምፅ የሚቀዳ ሰው 60 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ ንጹሕ ጌይን ያለው መሣሪያ ቢፈልግ ምክንያት አለው። የሚጮህን ድምፃዊ ለሚቀዳ ሰው ግን ይኸው ጌይን ጥቅም ላይ የማይውል ቁጥር ነው።

5. ኢምፒዳንስ፦ የማይታየው የቃና መቆጣጠሪያ

ማይክሮፎንና ፕሪአምፕ አንድ የኤሌክትሪክ ዑደት ናቸው። 150 ኦም የሆነ ማይክሮፎን ከ1200 ኦም መግቢያ ጋር ሲገናኝ 1 ዴሲቤል ገደማ ያጣል፤ ከ300 ኦም መግቢያ ጋር ሲገናኝ ግን 3.5 ዴሲቤል ያጣል። የማይክሮፎኑ ኢምፒዳንስ በሁሉም ፍሪኩዌንሲ እኩል ቢሆን ኖሮ ይህ የመጠን ለውጥ ብቻ በሆነ ነበር። የዳይናሚክና የሪበን ማይክሮፎኖች ኢምፒዳንስ ግን በሬዞናንሳቸው አካባቢ ከፍ ስለሚል፣ ዝቅተኛ መግቢያ በዚያ አካባቢ የበለጠ ይጎትታቸዋል፤ ውጤቱም የቃና ለውጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ኒቭ 1073 በ1200ና በ300 ኦም መካከል መምረጫ ያለው በመሆኑ ይህን ባሕርይ ለተጠቃሚው ይሰጠዋል። የመግቢያው ኢምፒዳንስ ከማይክሮፎኑ ከአምስት እስከ አሥር እጥፍ እንዲሆን የሚመከረው ልማድ ጥሩ መነሻ ነው፤ ከዚያ የሚወጣ ሰው ውጤቱን አውቆና ፈልጎ መሆን አለበት።

6. ቀለም ምንድን ነው?

ሙዚቀኞች «ሙቀት» ወይም «ቀለም» የሚሉት ነገር በመለኪያ ቋንቋ ሲተረጎም በአብዛኛው ሦስት ነገሮችን ያመለክታል፤ እነርሱም የሃርሞኒክ መዛባት፣ የፍሪኩዌንሲ ምላሽ መለወጥና ፈጣን ምቶች መለስለሳቸው ናቸው። 110 ኸርዝ ለሆነ ኖታ ሁለተኛው ሃርሞኒክ 220 ኸርዝ፣ ማለትም ኦክታቩ ነው፤ ሦስተኛው 330 ኸርዝ ደግሞ ከኦክታቩ በላይ ያለው አምስተኛ ነው። እነዚህ ከሙዚቃው ጋር የሚስማሙ በመሆናቸው ጆሮ እንደ ስሕተት ሳይሆን እንደ ውፍረት ሊቀበላቸው ይችላል።

እንደ ኒቭ 1073 ባሉ መግቢያቸውና መውጫቸው በትራንስፎርመር የሚሠራ ፕሪአምፖች የቀለሙ አንዱ ምንጭ የትራንስፎርመሩ ብረት ነው። በብረቱ ውስጥ ያለው የመግነጢስ ፍሰት ከቮልቴጁ ጋር ይጨምራል፤ ፍሪኩዌንሲው ዝቅ ሲልም ይጨምራል። ስለዚህ ትራንስፎርመር በመጀመሪያ የሚጠግበው በኪክ ከበሮና በቤዝ ጊታር ክልል ነው፣ ያውም ሲግናሉ ከፍ ሲል። ዝቅተኛ በሆነ ሲግናል ይኸው መሣሪያ ከንጹሕ ፕሪአምፕ ብዙም ላይለይ ይችላል።

ከዚህ ሁለት ተግባራዊ ነጥቦች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ቀለም የሚገኘው መሣሪያውን በመግዛት ሳይሆን ጠንከር አድርጎ በመንዳት ነው። ጠንክሮ የተነዳ ፕሪአምፕ መውጫው እጅግ ከፍ ስለሚል፣ ከኋላው የመውጫ መቆጣጠሪያ ከሌለ የዲጂታል መለወጫው ቀድሞ ይቆረጣል። የመውጫ መቆጣጠሪያ የሌለው «ባለ ቀለም» ፕሪአምፕ ቀለሙን ለማውጣት አያስችልም። ሁለተኛ፣ የሮክ ጊታር ገና ከአምፕሊፋየሩ ሲወጣ በብዙ እጥፍ የተዛባ ነው። በዚህ ላይ የሚጨመር ከመቶ አንድ ያልሞላ መዛባት በነበረው ይሸፈናል። የፕሪአምፕ ቀለም ለማግኘት የሚሻ ሰው ከተዛባው ጊታር ይልቅ በድራም፣ በቤዝ ጊታርና በድምፃዊ መስመሮች ላይ ቢጠቀምበት የተሻለ ይሰማል።

7. ሁለት የታሪክ ማሳያዎች

የመጀመሪያው ማሳያ ከለንደን ነው። ቢትልስ እ.ኤ.አ. በ1968 «ሬቮሉሽን»ን በአቢ ሮድ ስቱዲዮ ሲቀዱ፣ መሐንዲሱ ጄፍ ኤምሪክ ጊታሮቹን ያለ አምፕሊፋየርና ያለ ማይክሮፎን በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ አስገባ፤ ሁለት ፕሪአምፖችንም በተከታታይ በማገናኘት ከመጠን በላይ ነዳቸው። የዘፈኑ ሻካራ የጊታር ድምፅ የተወለደው ከዚያ ነው። በዚህ ሁኔታ ፕሪአምፑ ማጉያ ብቻ ሳይሆን የሙዚቃ መሣሪያው አካል ሆኗል።

ሁለተኛው ማሳያ ከሎስ አንጀለስ ነው። በሳውንድ ሲቲ ስቱዲዮ የነበረው ኒቭ 8028 ሚክሰር እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን የፍሊትውድ ማክን አልበምም፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣውን የኒርቫናን «ኔቨርማይንድ»ም አስተናግዷል። ዴቭ ግሮል ሚክሰሩን ገዝቶ እ.ኤ.አ. በ2013 ዘጋቢ ፊልም ሠርቶለታል። ሁለቱን አልበሞች ያዳመጠ ሰው በአንድ ሚክሰር መቀዳታቸውን ከድምፃቸው ብቻ መገመት ይከብደዋል። ልዩነቱን የፈጠሩት ተጫዋቾቹ፣ የሙዚቃ መሣሪያዎቹ፣ አምፕሊፋየሮቹ፣ የማይክሮፎን አቀማመጡና የማደባለቁ ሥራ ናቸው።

ሁለቱ ማሳያዎች የሚጋጩ ይመስላሉ እንጂ አይጋጩም። ፕሪአምፕ ከመደበኛ ክልሉ ውጭ ሲነዳ ድምፅን ይፈጥራል፤ በመደበኛ ክልሉ ሲሠራ ግን ከፊቱ ያለውን ያስተላልፋል። ገዢው ከሁለቱ የትኛውን እንደሚፈልግ ሳይወስን የሚያወጣው ገንዘብ መልስ ለሌለው ጥያቄ የሚከፈል ዋጋ ይሆናል።

8. የኤሌክትሪክ ኃይልና የሐም ጉዳይ

በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። የመሬት መስመር በትክክል ባልተዘረጋበት ሕንፃ በ50 ኸርዝና በብዜቶቹ ላይ ሐም ይሰማል። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ኖታ 41.2 ኸርዝ፣ የጊታር ደግሞ 82.4 ኸርዝ በመሆኑ ሐሙ የሚያርፈው በሙዚቃው ክልል መሐል ነው፤ በፊልተር ማስወገድ ሙዚቃውንም ይጎዳል። ሚዛናዊ ኬብልና በሁለቱ ሽቦዎች ላይ በእኩል የሚመጣውን ሲግናል በሚገባ የሚያጠፋ የፕሪአምፕ መግቢያ በኬብሉ የሚገባውን ይከላከላሉ። የጊታሩ ፒክአፕ ራሱ የሚስበውን ሐም ግን የትኛውም ፕሪአምፕ አይለየውም። የኮንደንሰር ማይክሮፎን ኃይል የሆነው 48 ቮልት ፋንተም ፓወርም በመስፈርቱ ከ44 እስከ 52 ቮልት መሆን ስላለበት፣ ከኮምፒውተር ዩኤስቢ ብቻ ኃይል በሚወስድ ሳውንድ ካርድ ላይ ብዙ ማይክሮፎን ሲሰካ በመልቲሜትር ማረጋገጥ ይገባል።

9. በጆሮ ማነጻጸር

የመጨረሻው ዳኛ ጆሮ ነው ቢባል ትክክል ነው፤ ዳኛው ግን ማስረጃ በአግባቡ ሊቀርብለት ይገባል። በአንድ ዴሲቤል ከፍ ያለ ድምፅ ጥራቱ የተሻለ ሆኖ ስለሚሰማ፣ ሁለት ፕሪአምፖች ሲነጻጸሩ መጠናቸው በ0.1 ወይም በ0.2 ዴሲቤል ውስጥ መስተካከል አለበት። አጨዋወቱም አንድ መሆን አለበት፤ ሁለት ጊዜ የተመታ ስኔር ሁለት የተለያየ ድምፅ ነውና። ይህም በትራንስፎርመር መክፈያ አንዱን ማይክሮፎን ለሁለት መሣሪያ በማካፈል፣ ወይም አስቀድሞ የተቀዳ ጊታርን ደጋግሞ በአምፕሊፋየር በማጫወት ይገኛል። አድማጩ የትኛውን እንደሚሰማ ሳያውቅ 16 ጊዜ ይፈተን። 12 ጊዜ በትክክል ከለየ፣ ይህን ያህል ወይም የበለጠ በግምት ብቻ የማግኘት ዕድሉ ከመቶ 4 ገደማ ነው፤ ልዩነቱን ሰምቷል ማለት ይቻላል። 9 ወይም 10 ጊዜ ከሆነ ግን በዋጋው ላይ ያለውን ልዩነት ጆሮው አላረጋገጠውም።

10. መደምደሚያ

ከላይ የቀረበው ምርመራ ለሮክ ቀረጻ የሚከተለውን የምርጫ ቅደም ተከተል ይደግፋል። በመጀመሪያ የሚያስፈልጉት መስመሮች ብዛት ይቆጠር፤ ድራምን በወጉ ለመቅዳት ስምንት መስመር ብዙ አይደለም። ቀጥሎ ከፍተኛው የማይክሮፎን መግቢያ፣ ዝቅተኛው ጌይንና ፓዱ ይታዩ። ከዚያ በኋላ ለስላሳ ድምፅ ወይም ሪበን ማይክሮፎን በሥራው ውስጥ ካለ ከፍተኛው ጌይንና ኖይዙ ይመርመሩ። ቀለም የሚፈለግ ከሆነ የመውጫ መቆጣጠሪያ ያለው አንድ ወይም ሁለት መስመር በኋላ ይጨመር። ከእነዚህ ሁሉ በፊት ግን ክፍሉ፣ የድራሙ ቆዳ፣ የጊታሩ ክርና የማይክሮፎኑ አቀማመጥ ይስተካከሉ፤ ፕሪአምፕ የሚያጎላው ያገኘውን ነው፣ ያላገኘውን ሊያጎላ አይችልም። ይህን ቅደም ተከተል የጠበቀ ወጣት ባንድ በውድ መሣሪያ እጦት ምክንያት አልበሙን ለነገ የሚያሳድርበት ቴክኒካዊ ምክንያት የለውም።